ዶክተር አርማወር ሐንሰንና የሕሙማን መዝገብ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ ከዓለም ባንክ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ በዘነበወርቅ ከአለርት ሆስፒታል ጋር ጎን ለጎን የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ይገኛል። ተቋሙ በ1970 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲመሠረት ስሙን የወሰደው የሥጋ ደዌን ተሕዋስ ካገኙት ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። የእኚህ ሰው ዝና ሁልጊዜ ከማይክሮስኮፕ ጋር ይነሣል። ይሁን እንጂ ከማይክሮስኮፑ አስቀድሞ መዝገብ ነበረ፤ ስለዚህም ታሪካቸው ለካርድ ክፍል ሠራተኛና ለሕክምና ጽሕፈት ባለሙያ እጅግ የቀረበ ነው።

ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን በ1841 በበርገን ከተማ ተወለዱ። ቤተሰቡ ብዙ ነበር፤ የነጋዴው አባታቸው ሀብትም በኪሣራ ስለ ጠፋ የሕክምና ትምህርታቸውን እየሠሩ ተማሩ። በ1866 ተመርቀው በሎፎተን ደሴቶች ጥቂት ካገለገሉ በኋላ፣ በ1868 በበርገን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በዝነኛው በዶክተር ዳንየልሰን ሥር ተቀጠሩ። ዳንየልሰን ደዌው ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚወርድ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ወጣቱ ሐኪም በዚህ አልተስማሙም፤ ሆኖም በ1873 የአለቃቸውን ልጅ አገቡ። ሙሽራይቱ ዓመቱ ሳያልቅ በሳንባ ነቀርሳ አረፈች።

ኖርዌይ በ1856 የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሁሉ የሚይዝ አገር አቀፍ መዝገብ አቋቁማ ነበር፤ በዓለም ላይ ለአንድ በሽታ የተከፈተ የመጀመሪያው ብሔራዊ መዝገብ እንደ ሆነ ይቆጠራል። የየወረዳው ሐኪሞች የሕመምተኛውን ስም፣ የትውልድና የመኖሪያ ስፍራ፣ የደዌውን ዓይነትና ደዌው የያዛቸውን ዘመዶች እየጻፉ ይልኩ ነበር። ሐንሰን በየመንደሩ እየዞሩ ያዩትን ከዚህ ጽሑፍ ጋር ሲያስተያዩ፣ በሽታው በዘር ሳይሆን ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ተረዱ። በኋላም ብዙ ሕሙማን ተለይተው በታከሙባቸው ወረዳዎች አዲስ ሕመምተኛ ፈጥኖ እንደሚቀንስ ያሳዩት በዚሁ መዝገብ ነው። በአልጋው አጠገብ የቆመው ሐኪም አንድን ቤተሰብ ሲያይ የዘር በሽታ መስሎት ነበር፤ ከብዙ አውራጃ የተሰበሰበው ወረቀት ግን ሌላ ተናገረ።

ሕመምተኛውን ያላየ ሰው ስለ ሕመምተኛው መጻፍ ዛሬ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ሐኪሞች በድምፅ የቀዱት ቃል ወደ ህንድና ወደ ፊሊፒንስ እየተላከ፣ በዚያ ያሉ ጸሐፊዎች እያዳመጡ ወደ ጽሑፍ ሲለውጡት ኖረዋል፤ አሁን ደግሞ ኮምፒዩተሩ ራሱ የሥራውን ብዙ ክፍል እየወሰደባቸው ነው። ለእነዚህ ጸሐፊዎች ሕመምተኛው ስምና ቁጥር ነው፤ የሚሰሙት የሐኪሙን ድምፅ ብቻ ነው። የኖርዌይ መዝገብም በዚህ ረገድ አይለይም። ቅጹ የሚይዘው ሐኪሙ የጠየቀውን ነው፤ ያልተጠየቀው ነገር ቦታ የለውም።

በየካቲት 1873 ሐንሰን ከሕሙማን እባጭ በወሰዱት ናሙና ውስጥ በትር መሰል ተሕዋስያንን አዩ፤ በ1874ም ጽፈው አወጡ። አጻጻፋቸው ግን ጥንቃቄ የበዛበት ነበር። በ1879 በርገንን የጎበኘው ጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ናይሰር ከእርሳቸው የተቀበለውን ናሙና ቀለም አስይዞ፣ ግኝቱን የራሱ አድርጎ ጻፈ። ክርክሩ ረዘመ፤ በመጨረሻም ቀዳሚነቱ ለሐንሰን ጸና።

በዚያው በ1879 ግን ሐንሰን ሊነቀፉ የሚገባቸውን ሥራ ሠሩ። ተሕዋሱ በሽታውን እንደሚያመጣ ለማስረዳት ሲሉ፣ ከሌላ ሕመምተኛ እባጭ የተወሰደ ነገር ካሪ ኒልስዳተር በተባለች የሆስፒታሉ ታማሚ ዓይን ውስጥ በመሣሪያ አስገቡ። አስቀድመው አላስረዷትም፤ ፈቃዷንም አልጠየቁም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ሴትዮዋ የደረሰባትን በአንደበቷ አስረዳች። ሐኪሙም ያላስፈቀዱት ብትጠየቅ እሺ እንደማትል በመገመት መሆኑን አልካዱም። በ1880 ፍርድ ቤቱ ከሆስፒታሉ ሐኪምነት አሰናበታቸው። አንዲት ድሀ ሕመምተኛ የተናገረችው ከሐኪሙ ቃል ጋር እኩል ተጽፎ የተገኘው በሆስፒታሉ ቅጽ ሳይሆን በዳኛ ፊት ነበር። ይህን ጉዳይ በአጭር አረፍተ ነገር የሚያልፉ የሕይወት ታሪኮች ለሐንሰንም ቢሆን ውለታ አልዋሉላቸውም።

ከ1875 ጀምሮ የያዙት የመላው አገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪምነት ግን አልተወሰደባቸውም። መዝገቡም በእጃቸው ቆየ። በ1877ና በ1885 የወጡት ሕሙማንን የመለየት ሕጎች የተደገፉት በእርሳቸው አሳብ ነው፤ ለደዌው መቀነስ ረድተዋል ቢባልም ብዙውን ሰው ከቤቱ ለይተዋል። በ1888 ወደ አሜሪካ ተሻግረው የኖርዌይ ስደተኞችን ትውልድ መረመሩ፤ ከልጅ ልጆቻቸው አንድም ታማሚ አላገኙም።

ሐንሰን በየካቲት 1912 ለሥራ ጉብኝት እንደ ወጡ ፍሎሮ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ አረፉ። ከ8,000 በላይ ሕሙማን ስም የሰፈረበት መዝገብ በበርገን ቤተ መዛግብት ተጠብቆ ኖሮ፣ በ2001 የከተማው የሥጋ ደዌ ሰነዶች በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ ውስጥ ተመዝግበዋል።