ሄይዋርድ ራይትና የኪዊ ተክል

ኪዊ በመባል የሚታወቀው ፍሬ ቅርፊቱ ቡናማና ጠጉራም፣ ውስጡ አረንጓዴ፣ ጣዕሙም ጣፋጭነትና ኮምጣጣነት የተቀላቀሉበት ነው። ተክሉ እንደ ወይን በድጋፍ ላይ የሚሳብ ሐረግ ሲሆን፣ ጥንተ አገሩ ቻይና ነው። ይህ የዱር ፍሬ በዓለም ገበያ ለመታወቅ እንዲበቃ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ኒውዚላንዳዊው አትክልተኛ ሄይዋርድ ራይት ነበር።

ራይት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። በኦክላንድ ከተማ አቮንዴል በተባለ ሠፈር የፍራፍሬ ችግኝ እያፈላ በመሸጥ ይተዳደር ነበር። ሆኖም ያገኘውን ችግኝ ሁሉ ለገበያ በማቅረብ ብቻ የሚረካ ሰው አልነበረም። ከብዙ ችግኞች መካከል የተሻለውን ለይቶ ማውጣትን ዋና ተግባሩ አድርጎ ይዞት ነበር።

የኪዊ ዘር ወደ ኒውዚላንድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ኢዛቤል ፍሬዘር የተባለች የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት በቻይና ዪቻንግ የምትኖር እኅቷን ጠይቃ ስትመለስ ጥቂት ዘር ይዛ መጣች። ከዚያ ዘር የበቀሉት ሐረጎች በ1910 ለመጀመሪያ ጊዜ አፈሩ። የራይትም ችግኞች የተገኙት ከነዚህ ተክሎች ዘር ነው።

ኪዊን ከዘር አብቅሎ መልካሙን መምረጥ ትዕግሥትን የሚፈትን ሥራ ነው። ተክሉ እንደ አንዳንድ የፓፓያ ዓይነቶች ወንዴና ሴቴ አለው። ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብትሆንም፣ በአቅራቢያዋ ወንዴ ከሌለና ንቦች ወይም ነፋስ የአበባውን ብናኝ ካላደረሱላት አታፈራም። ጾታው የሚለየው ሐረጉ ሲያብብ በመሆኑ፣ አትክልተኛው የሚኮተኩተው ተክል የሚያፈራ ይሁን አይሁን ሳያውቅ ለበርካታ ዓመታት መጠበቅ ይኖርበታል። ከዚህም በላይ ከአንድ ፍሬ የወጡ ዘሮች እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ተክሎችን ያበቅላሉ።

ራይት ይህን ሁሉ ችሎ በ1920ዎቹ ዓመታት ካሳደጋቸው 40 ያህል ችግኞች መካከል አንዲት ሴቴ ሐረግ መረጠ። ፍሬዋ ከሌሎቹ ይበልጥ ትልቅ፣ ጣዕሟም የተወደደ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ፍሬዋ ከተለቀመ በኋላ በቀዝቃዛ ስፍራ ለወራት ሳይበላሽ መቆየት የሚችል ነበር። የዚህች ተክል ምርታማነት ከአንዳንዶቹ ዝርያዎች ያነሰ ቢሆንም፣ ለረጅም ጉዞ የሚመች ፍሬ ማስገኘቷ ሚዛኑን ወደ እርሷ አደላው።

ዘሯ እናቲቱን ስለማይመስል፣ ዝርያዋን ማብዛት የሚቻለው ቅርንጫፏን ቆርጦ በሌላ ኪዊ ግንድ ላይ አጣብቆ በማብቀል ነበር። በዚህ ዘዴ ሐረጊቱ ከአትክልት ስፍራ ወደ አትክልት ስፍራ ተዛመተች። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒውዚላንድ ይህን የፍሬ ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እንግሊዝ አገር ላከች። በመርከብ የሚደረገው ጉዞ ረጅም ስለነበር፣ ሳይበላሽ የሚቆየው የራይት ዝርያ ቀስ በቀስ ሌሎቹን ከገበያ አስወጣ። በ1950ዎቹም ዝርያው በመራጩ ስም ሄይዋርድ ተብሎ ተሰየመ።

ቀድሞ በኒውዚላንድ የቻይና ጉዝቤሪ ይባል የነበረው ፍሬ፣ የአገሪቱ ምልክት በሆነችው መብረር በማትችል ወፍ ስም ኪዊ ተብሎ በነጋዴዎች የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ራይትም ያረፈው በዚያው ዓመት ነበር። አዲስ የተክል ዝርያ ላስገኘ ሰው የባለቤትነት መብት የሚሰጠው የኒውዚላንድ ሕግ የወጣው በ1973፣ እርሱ ካረፈ ከ14 ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ከዝርያው የተገኘው ታላቅ ሀብት የደረሰው ለሌሎች ነው።

በ2010 በኒውዚላንድ የታየ የባክቴሪያ በሽታ ውስጡ ቢጫ የሆነውን የኪዊ ዝርያ ክፉኛ ሲያጠፋ፣ የራይት ዝርያ የተሻለ ተቋቁሞታል። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች የሚለማው እያንዳንዱ የሄይዋርድ ሐረግ፣ ራይት በአቮንዴል ከመረጣት ከዚያች አንዲት ተክል አካል የተቆረጠ ነው። ለዓመታት ጠብቆ የመረጣት ሐረግ ከእርሱ ዕድሜ አልፋ ሚሊዮኖችን ትመግባለች።