ጆን ዌይን፦ ሁለት ጊዜ ካንሰር የገጠመው ተዋናይ

አንድ ጊዜ ካንሰር ይዞዎት ታክመው ድነዋል እንበል። ዓመታት አልፈው፣ ልጆች አድገው፣ ነገሩ ሊረሳ ሲል ሐኪም ሌላ ካንሰር እንደተገኘብዎት ይነግርዎታል። እዚህ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ሐኪም መሆኔን የሚያውቁ ጎረቤቶች ደረጃ ላይ አስቁመው ይህንኑ ይጠይቁኛል፦ አንዴ የዳነ ሰው እንዴት እንደገና ይያዛል? መልሱን የካውቦይ ፊልም የሚወዱ ሁሉ በሚያውቁት ሰው ሕይወት ልንገርዎት። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ካንሰር

ጆን ዌይን በ1907 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ተወለደ። በፊልም ላይ ምንም የማይበግረው ጀግና ነበር፤ ከፊልም ውጪ ግን በቀን በርካታ ፓኬት ሲጋራ ያጨስ ነበር። በ1964 የሳንባ ካንሰር ተገኘበት። በመስከረም ወር ቀዶ ሐኪሞች ግራ ሳንባውንና የተወሰኑ የጎን አጥንቶቹን አወጡለት።

በዙሪያው የነበሩ ሰዎች ወሬው ሥራውን እንዳያበላሽበት ፈርተው እንዲደብቀው መከሩት። ለጥቂት ወራት ደበቀ። በዓመቱ መጨረሻ ግን ጋዜጠኞችን ጠርቶ በሽታውን በስሙ ተናገረ፤ ሰዎች በጊዜ እንዲመረመሩም መከረ። ያኔ የካንሰርን ስም መጥራት የሚያሳፍርበት ዘመን ነበር። እኛም ዘንድ ዛሬ ድረስ ያ በሽታ እያልን የምናልፈው ብዙዎች ነን።

ከቀዶ ሕክምናው አራት ወር ሳይሞላ ሜክሲኮ ውስጥ ፊልም መሥራት ጀመረ። በ1970 በትሩ ግሪት ፊልም ኦስካር አገኘ። ሲጋራ ቢያቆምም በኋላ ትንባሆ ማኘክና ሲጋር ማጨስ መጀመሩን ልብ ይበሉ።

ሁለተኛው ካንሰር

በ1979 ጥር ወር ለሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ሎስ አንጀለስ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሞቹ የጨጓራ ካንሰር አገኙ፤ ጨጓራውንም አወጡ። ይህ ከ14 ዓመት በፊት የነበረው የሳንባ ካንሰር ተመልሶ የመጣ ሳይሆን በሌላ የሰውነት ክፍል የተነሳ አዲስ ካንሰር ነበር። ትንባሆ ከሳንባ ሌላ የጨጓራ ካንሰርንም የማምጣት ዕድል አለው።

በሚያዝያ ወር፣ በጣም ከስቶ፣ ኦስካር መድረክ ላይ ወጥቶ የምርጥ ፊልም ሽልማት ሰጠ። በሰኔ ወር በ72 ዓመቱ አረፈ። ሁለተኛው ካንሰር አሸነፈው፤ በመሃል የኖራቸው 14 ዓመታት ግን ከንቱ አልነበሩም። የመጀመሪያው ሕክምና ያተረፈለት ዕድሜ ነበር።

ለእርስዎና ለቤተሰብዎ

የእሱ መጨረሻ የእርስዎ መጨረሻ ነው ማለት አይደለም። ውጤቱን የሚወስኑት የካንሰሩ ዓይነት፣ የተገኘበት ደረጃና የሕክምናው ዓይነት ናቸው። ስለዚህ፦

• ሐኪምዎን አዲስ ነው ወይስ የድሮው የተመለሰ? ብለው ይጠይቁ። ሕክምናው ይለያያል፤ የሚለየውም ከዕጢው ናሙና ተወስዶ በሚደረግ ምርመራ ነው።
• የድሮ ሕክምና ወረቀትዎን አይጣሉ። ልብን የሚጎዱ አንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች በዕድሜ ልክ የማይታለፍ መጠን አላቸው፤ ጨረር በተሰጠበት ቦታም ደግሞ መስጠት ጥንቃቄ ይፈልጋል።
• ከዳኑ በኋላም ክትትልዎን አያቋርጡ። ያለምክንያት መክሳት፣ ጥቂት በልቶ ቶሎ መጥገብ፣ ጥቁር ሰገራ፣ ደም ያለው ሳል ወይም አዲስ እብጠት ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ።
• ትንባሆን በማንኛውም መልኩ ይተዉ። ከካንሰር በኋላም መተው ይጠቅማል።
• ቤተሰብ ሆይ፣ ከታማሚው አትደብቁ። የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል፣ ይመርጣል፣ ቤቱንም ያዘጋጃል።

እንደገና መታመም የእርስዎ ጥፋት ወይም የእምነት ማነስ አይደለም። መጀመሪያ ሲታከሙ የማያውቁትን ብዙ ነገር አሁን ያውቃሉ፤ በዚያ ይጀምሩ።