ቤርታ ቤንዝ እና የፍሬን ሸራ ምርጫ፦ ከእንጨት ወደ ቆዳ

ቤርታ ሪንገር እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1849 በደቡብ ምዕራብ ጀርመን በምትገኘው በፎርትስሃይም ከተማ ከአናጺ አባት ተወለዱ። ጥሎሻቸውን ከጋብቻ በፊት አስቀድመው በመውሰድ የእጮኛቸውን የካርል ቤንዝን ወርክሾፕ ከኪሳራ ያተረፉ ሲሆን፣ በ1872 ሁለቱ ተጋቡ። ባለ ሦስት እግሩ የሞተር ተሽከርካሪ በጃንዋሪ 29 ቀን 1886 የፈጠራ መብት ሲጠየቅበት ግን በማመልከቻው ላይ የሰፈረው የባል ስም ብቻ ነበር።

መኪናው ገዢ በማጣቱ፣ ቤርታ በኦገስት 1888 ለባላቸው ሳይነግሩ ሁለት ልጆቻቸውን አስከትለው ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ተጓዙ። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በቪስሎኽ ከመድኃኒት ቤት ነዳጅ ገዙ፤ የተደፈነውን የነዳጅ ቱቦ በባርኔጣ ስፒል ከፈቱ። ዳገቱን መኪናው በራሱ ኃይል መውጣት ሲያቅተው መግፋት ግድ ሆነ። ቁልቁለቱ ደግሞ ሌላ ጉድለት አጋለጠ፤ የፍሬኑ እንጨት በሰበቃ ተበላ። በኋላ እንደተተረከው፣ ቤርታ በባውሽሎት መንደር ጫማ ሰፊ ፈልገው በፍሬኑ እንጨት ላይ ቆዳ አስመቱበት።

የዚህ ውሳኔ ቴክኒካዊ ፍሬ ነገር እስካሁን አልተለወጠም። ፍሬን የእንቅስቃሴን ጉልበት በሰበቃ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ በረጅም ቁልቁለት ሙቀቱ ለመብረድ ፋታ ስለማያገኝ እንጨት ይከስላል፣ ገጹም እየለሰለሰ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ቆዳው ሁለት ተግባራትን ለየ፦ እንጨቱ ግፊቱን ተሸከመ፤ ቆዳው ደግሞ መበላቱን ተቀበለ። የተበላው በሌላ ሲተካ ዋናው አካል ይተርፋል። የዛሬው የፍሬን ሸራም የቆመው በዚሁ መርሕ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ቆዳም በሙቀት ይከስላል። በመሆኑም የመኪኖች ክብደትና ፍጥነት ሲጨምር ሙቀትን የሚቋቋመው አስቤስቶስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ፍሬን ሸራ ገባ፤ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ሆኖ በመገኘቱም በኋላ በብዙ አገሮች ታገደ። ስለዚህ መራጩ የመያዝ ኃይልን፣ ሙቀት መቋቋምንና የመበላት ፍጥነትን ብቻ መዝኖ ማቆም አይችልም፤ ከሸራው የሚወጣውን ብናኝ ማን እንደሚተነፍሰውም መጠየቅ ይኖርበታል።

ከጉዞው በኋላ ካርል ቤንዝ ለዳገት የሚያገለግል ተጨማሪ ማርሽ አከሉ። በዚህም የቤርታ ጉዞ ከማስታወቂያነቱ ባሻገር የመስክ ሙከራ ሆኖ ተገኘ፤ በወርክሾፕ ደጃፍ ያልታየውን ዳገትና ቁልቁለት አሳይቷልና።

በ95ኛ ዓመት የልደት በዓላቸው የካርልስሩኸ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የክብር ሴናተርነት ማዕረግ ሰጣቸው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በሜይ 5 ቀን 1944 በላደንቡርግ አረፉ።