ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱና የአባታቸው ልቅሶ

ሙታንን በክብር መቅበር ታላቅ ትሩፋት ነው። የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች የሳኦልን ሬሳ ከጠላት ቅጥር አውርደው አጥንቱን ቀበሩ፤ ሰባት ቀንም ጾሙ። በአገራችንም ንጉሥ ሲያርፍ አዋጅ ይነገር ነበር፤ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻውና ጦሩ በልቅሶው ሜዳ ይታይ ነበር፤ ካህናትም ፍትሐቱን አድርሰው ሰባቱን፣ አርባውንና ሙት ዓመቱን ይቈጥሩ ነበር። ይህ ወግ የተከለከለባቸውን ንጉሥና ስለ እርሳቸው የደከሙትን ልጃቸውን ዛሬ እናስብ።

ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በ1868 ዓ.ም. በወረኢሉ ከንጉሥ ምኒልክና ከወሎዋ ወይዘሮ ከአብቺ ተወለዱ፤ የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነው። ገና ሕፃን ሳሉ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ፤ ራስ አርአያም በ1880 ዓ.ም. ሲያርፉ በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ገደማ የባልን ሐዘን አዩ። በኋላም ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ መንግሥት እንዳይታወክ ተብሎ ሞታቸው ተሰወረ። ሬሳቸው በግቢው ውስጥ ባለችው በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ተቀመጠ፤ ሕዝቡም እንደ ወጉ አላለቀሰላቸውም። ልጃቸውም ከአዲስ አበባ ርቀው በፋሌ እንዲቀመጡ ተደረገ።

ነገር ግን እግዚአብሔር በፈቀደ ጊዜ ወይዘሮ ዘውዲቱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ለመንግሥት ተመረጡ፤ የካቲት 4 ቀንም ዘውድ ጫኑ። በዘመናቸውም የበዓታ ለማርያምን ገዳም አሳንጸው የአባታቸውን አፅም በዚያ በክብር አሳረፉ።

የፍጻሜያቸው ታሪክ ለእኛ በጎብዬና በቆቦ ለምንኖር የራያ ምእመናን ሩቅ አይደለም። ራያና አዘቦ በመንግሥት ላይ በተነሣ ጊዜ እንዲያበርዱ የታዘዙት ራስ ጉግሣ ነበሩ፤ ነገሩ ተገልብጦ ግን እርሳቸው ራሳቸው ከመንግሥት ጋር ተጣልተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ወደቁ። ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን፣ በዐቢይ ጾም፣ አረፉ፤ በአባታቸውም አጠገብ ተቀበሩ።

የሠሩት ሥራ ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1967 ዓ.ም. ያለ ፍትሐትና ያለ ልቅሶ በግቢ ተቀብረው አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. በተገኘ ጊዜ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ወደ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ እስኪሄድ ድረስ ያስጠጋው ያው የበዓታ ገዳም ነው። ልጅ ለአባቷ ያሳነጸችው ቤት ለሌላው ንጉሥም መጠጊያ ሆነ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በ2013 ዓ.ም. ጳጉሜን ወር በቆቦ በጦርነቱ የሞቱት ወገኖቻችን ለቀስተኛ ሳይሰበሰብላቸው በችኮላ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር መቀበራቸውን እናስታውስ። ልቅሶ ዘመን አያልፍበትም፤ ጸሎተ ፍትሐትም አይረፍድም። ንግሥቲቱ ዓመታት ካለፉ በኋላ ለአባታቸው እንዳደረጉት፣ እኛም ስማቸውን በቅዳሴ እንጥራ፤ ተዝካራቸውንም እናውጣ። አልቃሽ ለሌለው ቤተ ክርስቲያን እናቱ ናትና።