ዣን ዣክ ፔሬና የምላጭ ድንጋዮች

በሙያ ታሪክ ውስጥ ስማቸው በአንድ ነገር ብቻ የሚጠራ፣ ያም ነገር ከሥራቸው ሁሉ ትንሹ የሆነ ሰዎች አሉ። ፈረንሳዊው ስለት ሠሪ ዣን ዣክ ፔሬ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስሙን የሚያነሡ ጸሐፊዎች ፊትን የማያቆስል ምላጭ አሰበ እያሉ ያነሡታል። ነገሩ እውነት ነው። ዳሩ ግን ፔሬ ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው የስለት ድንጋይን ጠባይ መርምሮ ለማንም አንባቢ በጽሑፍ ያስቀመጠ ባለሙያ በመሆኑ ነው።

ፔሬ በደቡብ ፈረንሳይ በቤዚዬ ከተማ በ1730 ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በፓሪስ የስለት ሠሪዎች ማኅበር በሊቅነት ማዕርግ ሠራ፤ በኋላም ከማኅበሩ አለቆች አንዱ ለመሆን በቃ። በዚያ ዘመን ቢላዋ፣ መቀስ፣ ምላጭና የቀዶ ጥገና መሣሪያ ከአንድ ደጃፍ ይወጡ ነበር። ሙያው ግን በማኅበሩ አጥር የታጠረ ነበረ። ተለማማጁ ከጌታው እጅ እያየ ይማራል፤ ጌታው ያላሳየውን አያውቅም፤ ጌታው ሲሞትም ብዙው ዕውቀት አብሮት ይቀበራል።

ጢም መላጨትም ቢሆን የባለሙያ ሥራ ነበረ። እስከ 1743 ድረስ በፈረንሳይ ጢም ላጩና የቀዶ ጥገና ሠራተኛው በአንድ ማኅበር ታቅፈው ኖሩ። በዚያ ዓመት በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ትእዛዝ ሲለያዩ ምላጩ ለአንዱ፣ የደም ሥር መብጫው ለሌላው ቀረ። ስለቱ ሲዶለዱም ግን ሁለቱም የሚመለሱት ወደ ስለት ሠሪው ሱቅ ነበር።

በ1769 ፔሬ ፖጎኖቶሚ የተባለውን መጽሐፉን በፓሪስ አሳተመ። ስሙ ከግሪክ ቃላት የተውጣጣ ሲሆን ጢም መቁረጥ ማለት ነው። መጽሐፉ ማንም ሰው ራሱን በራሱ እንዲላጭ ያስተምራል። ረጅሙ ርእስ ራሱ እንደሚናገረው ለማናቸውም መሣሪያ ስለት የሚያወጡትን ድንጋዮች እንዴት መለየት እንደሚቻል፣ ምላጭ የሚመላለስበት ቆዳ እንዴት እንደሚዘጋጅም ያስረዳል። አንድ ነጋዴ ይህን ማድረጉ ቀላል ነገር አይደለም። የዶለዱመ ምላጭ መሳል ለሱቁ የዘወትር ገቢ ነበርና፣ ደንበኛው በቤቱ መሳል ሲማር የሚጎድለው ከፔሬና ከማኅበር ወንድሞቹ ኪስ ነው።

ስለ ድንጋይ መጻፍ ለምን አስፈለገ? የተፈጥሮ ድንጋይ እንደ ብረት ተለክቶ የሚሠራ አይደለም። ሁለት ድንጋዮች በመልክ አንድ ሆነው በሥራ ይለያያሉ። አንዱ ለስላሳ መስሎ በውስጡ አንዲት ጠንካራ ቅንጣት ትደበቃለች፤ ያቺ ቅንጣት የብዙ ሰዓት ድካም ያፈራውን ስለት በአንድ ምልልስ ትሸርፈዋለች። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ፊቱን ለምላጭ የሰጠው ሰው ነው።

በዘመኑ በፈረንሳይ ገበያ ከታወቁት ድንጋዮች አንዱ ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን አገሮች የሚመጣውና የሌቫንት ድንጋይ የሚባለው፣ በዘይት የሚሠራበት ጠንካራ ድንጋይ ነበረ። ሌላው በዛሬዋ ቤልጅግ በአርደን ተራሮች፣ በሳልምሻቶና በቪየልሳልም አካባቢ የሚቆፈረው ቢጫ ድንጋይ፣ ኮቲኩል ነው። ኮቲኩል በጥቁርና በወይን ጠጅ ቀለም ንብርብር ድንጋዮች መካከል እንደ ቀጭን ጅማት ተጋድሞ ይገኛል። ጅማቱ ስስና ተሰባሪ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ጥቁር ድንጋይ ከጀርባው ተለጥፎበት ይሸጥ ነበር። ብረቱን የሚበላው በውስጡ የተዘሩት እጅግ ደቃቅ የጋርኔት ቅንጣቶች ናቸው፤ መጠናቸው በሚሊሜትር ሺሕኛ የሚቆጠር ነው። ቅርጻቸው ወደ ክብነት ያደላ ስለሆነ በጥልቀት አይቧጥጡም። ይህን በአጉሊ መነጽር ያረጋገጡት የ19ኛው መቶ ዓመት የማዕድን ሊቃውንት ናቸው። የፔሬ ትውልድ ግን ማስረጃው መዳፉና ጆሮው ብቻ ነበረ።

አሠራሩን ለማያውቅ፣ ምላጩ በድንጋዩ ላይ ጀርባውም ስለቱም እንዲነኩ ሆኖ ተጋድሞ ስለቱን አስቀድሞ ይገፋል፤ ሲመለስ በጀርባው ይገለበጣል። የጀርባው ውፍረት ማእዘኑን ስለሚጠብቅ እጅ አያስተውም። በኮቲኩል ላይ ከዚያው ዓይነት ትንሽ ድንጋይ በውሃ ሲታሽ ወተት የመሰለ ጭቃ ይወጣል። ጭቃው ፈጥኖ ይስላል፤ ቀስ በቀስ በውሃ እየቀጠነ ሲሄድም ስለቱ ይረቃል። በመጨረሻ ምላጩ በቆዳ ላይ ይመላለሳል፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚቀድመው ጀርባው ነው፤ አለዚያ ቆዳው ይቆረጣል፣ ስለቱም ይታጠፋል።

መጽሐፉ የሚዘጋው ደም ስለ ማፍሰስ በተጻፈ ማሳሰቢያ ነው። ይህ ከርእሱ የራቀ ይመስላል፤ ነገር ግን የዶለዱመ መብጫ የደም ሥርን ከመቅደድ በቀር በንጽሕና እንደማይከፍት ለሚያውቅ ሰው ከምላጩ ወደ መብጫው ያለው መንገድ አጭር ነው።

ፔሬን ያስጠራው ምላጭ አሳቡ የመጣው ከአናጢ መላጊያ ነው። ስለቱ በእንጨት መከለያ ውስጥ ገብቶ ጫፉ ብቻ ጥቂት ብቅ ይላል፤ ስለዚህ በጥልቀት አይቆርጥም። መከለያው የጀማሪን እጅ ይጠብቃል እንጂ ምላጩን ከመሳል አያድንም። ከድንጋይ ያላቀቀው በ1904 የባለቤትነት መብት ያገኘው የጂሌት ተጣይ ምላጭ ነው።

የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ከ1761 ጀምሮ የእደ ጥበባትን መግለጫ በተከታታይ ያሳትም ነበር። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ባለሙያውን ጠይቀው የሚጽፉ ምሁራን ነበሩ። ስለ እንጨት ሥራ የጻፈው ሩቦ ግን ራሱ አናጢ ነበረ፤ ስለት ሠሪው ፔሬም እንዲሁ በገዛ እጁ የሠራውን ጻፈ። የስለት ሠሪ ጥበብ የተሰኘው ታላቅ ሥራው በ1771 እና በ1772 ወጣ፤ ሁለተኛው ክፍል የቀዶ ጥገና መሣሪያዎችን የሚመለከት ነው። መጽሐፉ ግዙፍና አድካሚ ነው፤ ለንባብስ ትንሹ ፖጎኖቶሚ ይሻላል። በ1779 ደግሞ ስለ አረብ ብረት ዓይነቶች፣ ስለ አቀጣቀጡና በውሃ ስለ መንከሩ አንድ ጥናት አሳተመ።

በዚህ መካከል፣ በ1776፣ ሚኒስትሩ ቱርጎ የእደ ጥበብ ማኅበራትን በአዋጅ ሻረ። ማኅበራቱ በዚያው ዓመት ተመልሰው ሲቋቋሙ ስለት ሠሪዎች ከመሣሪያ ሠሪዎች ጋር ተቀላቀሉ። ፔሬ በ1784 አረፈ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1791፣ ማኅበራቱ ፈጽመው ሲፈርሱ ምስጢር ይባል የነበረው ሙያ ግን ታትሞ በየመጻሕፍት ሻጩ ይገኝ ነበር።