የጨውና የውሃን ምሥጢር የገለጠው ሊቅ

ጨው በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ጠፋ እንላለን፤ ውሃውን ብንቀምሰው ግን ጨው አለመጥፋቱን ምላሳችን ይመሰክራል። የኬሚስትሪ ሊቃውንት እንደ ጨው ያለውን የሚሟሟ ነገር ሟሚ፥ እንደ ውሃ ያለውን የሚያሟሟ ነገር አሟሚ፥ ሁለቱ ተዋሕደው የሚሆኑትን ደግሞ ሙሙት ይሉታል። ዛሬ የምንተርከው በሙሙት ውስጥ የተሰወረውን ነገር የገለጠውን የስቫንተ አሬኒዩስን ታሪክ ነው።

አሬኒዩስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. በስዊድን አገር በኡፕሳላ ከተማ አጠገብ ተወለደ። በተማሪነቱ ዘመን አንድ ነገር ዕረፍት ነሣው። ደረቅ ጨው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ንጹሕ ውሃም የሚያስተላልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ ግን ኤሌክትሪክ በደኅና ያልፋል። ይህ ስለ ምን ሆነ?

በዚያን ጊዜ ብዙዎች ሊቃውንት ጨውን የሚከፋፍለው ኤሌክትሪኩ ራሱ ነው ብለው ያምኑ ነበር። አሬኒዩስ ግን የዚህን ተቃራኒ ሐሳብ መሠረት በ1884 ዓ.ም. ለዶክተርነት ማዕረግ ባቀረበው ጽሑፍ ጣለ። የኡፕሳላ መምህራን ጽሑፉን ስላልወደዱት ዝቅተኛ ውጤት ሰጡት። ይህም የማስተማር ተስፋውን የሚዘጋ ነበር። በቅርቡ ከፈተና አዳራሽ የወጣን እኛ ሐዘኑን ለመገመት አያዳግተንም።

አሬኒዩስ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ጽሑፉን በውጭ አገር ላሉ ሊቃውንት ላከ። ከእነዚህም አንዱ፥ በሪጋ ከተማ ያስተምር የነበረው ዊልሄልም ኦስትዋልድ፥ በሐሳቡ ስለ ተደነቀ በዚያው ዓመት እስከ ኡፕሳላ ድረስ መጥቶ ጎበኘው። ከዚህም በኋላ ዩኒቨርሲቲው አሬኒዩስን በመምህርነት ተቀበለው።

በ1887 ዓ.ም. ሐሳቡን አሟልቶ አወጣ። ይኸውም ጨው ገና በውሃ ሲሟሟ፥ ኤሌክትሪክ ሳይነካው፥ አዮን ወደሚባሉ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ጥቃቅን ክፍሎች ይለያያል፤ ኤሌክትሪኩን የሚያሻግሩትም እነርሱ ናቸው የሚል ነው። ስኳር ግን ወደ አዮን ሳይለያይ ስለሚሟሟ የስኳር ውሃ ኤሌክትሪክን እንደ ጨው ውሃ አያስተላልፍም። ኋላ የተነሡ ሊቃውንት ስሌቱን ቢያርሙትም መሠረቱ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

በ1903 ዓ.ም. በዚሁ ሥራው የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከስዊድን ሰዎችም ይህን ሽልማት ለማግኘት የመጀመሪያው ሆነ። በ1927 ዓ.ም. በስቶክሆልም አረፈ።

ሰነፍ ተማሪ ግን ይህን ታሪክ ለመጽናኛ እንዳያደርገው እናሳስባለን፤ አሬኒዩስን ለክብር ያበቃው በሥራው መጽናቱ እንጂ ውጤቱ ዝቅ ማለቱ አይደለምና።