የአበበ ቢቂላ እግርና የእኛ ስኒከር

በዲላ ከተማ ሊስትሮዎች ዘንድ ከቀለሙና ከቡሩሹ ጎን የሳሙና ውሃ የያዘ ባልዲ አይጠፋም፤ የሚታጠበውም ስኒከር ነው። ለሩጫ የተሠራው ጫማ የክፍልም፣ የገበያም፣ የሠርግም ጫማ ሆኗል። ከወርቃ ኮንጎ ጫማ አድርጎ የመጣው ተማሪ ግን ክፍል ሲገባ እግሩን ከወንበር ሥር ሊደብቅ ይሞክራል። ከዚህ የተነሣ ስለ አበበ ቢቂላ እግር ጥቂት መጻፍ ወደድን።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። አድጎም በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ፤ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነንም አሠለጠነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በዓለም ያን ያህል የፈጠነ አልነበረም።

ይህን ድል ጫማ መግዣ ያጣ የድሀ አገር ልጅ ወሬ አድርገው የሚያወሩት ብዙዎች ናቸው። እኛ አንቀበለውም። ጫማስ ነበረው፤ አሮጌው አለቀ፣ ሮማ ላይ የተገዛው አዲሱም እግሩን አቆሰለው እንጂ። ያለ ጫማ መሮጥን ከልምምድ ያውቀው ነበርና ከማይስማማው ጫማ የገዛ እግሩን መረጠ።

የተስማማው ጫማ ሲገኝማ አላመነታም። በሰኔ 1953 ዓ.ም. ለኦሳካ ማራቶን ጃፓን በሄደ ጊዜ፣ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባለው የጫማ ፋብሪካ ባለቤት አግባባውና «ታይገር» አድርጎ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደግሞ፣ ለትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና አርባ ቀን ሳይሞላ፣ ነጭ ካልሲና «ፑማ» አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

ያን ጊዜ ሁለቱም የሯጭ ጫማዎች ነበሩ። ታይገርን በአሜሪካ ያከፋፍል የነበረውም ድርጅት ኋላ «ናይኪ» ሆነ። ዛሬ እነዚህን ጫማዎች አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲል እንኳ የማይሮጥ ሰው ከጂንስ ጋር ያደርጋቸዋል (ከመካከላችንም አሉ)። የነጋዴው ብልሃት የሻምፒዮኑን እግር አሳይቶ ለተመልካቹ መሸጥ ነው።

አበበ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ከዚያም በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት በማነጣጠር ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ስሙ ግን ከገበያ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2010 «ቪብራም» የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ፣ እንደ እጅ ጓንት አምስት ጣት ያለው፣ በባዶ እግር የመሮጥን ስሜት ይሰጣል የተባለ ጫማ አወጣና «ቢኪላ» ብሎ ሸጠው። ቤተሰቡ ስሙ ያለ ፈቃዳችን ተሸጠ ብሎ በአሜሪካ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም ክሱ የቀረበው ዘግይቶ ነው በማለት እ.ኤ.አ. በ2016 ውድቅ አደረገው።